የወታደር ልብ

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሊፍት የለም። በአንድ እጅ ጄሪካን፣ በሌላው የአትክልት ፌስታል ይዛችሁ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርሱ ልባችሁ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሻችሁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ግድግዳውን ደገፍ ትሉና “ቆይ፣ ደህና ነኝ ግን?” ብላችሁ ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ። እኔም ጠይቄያለሁ። መልስ ፍለጋ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ታሪክ ግን ከጦር ሜዳ የሚነሳ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ጊዜ ጃኮብ ዳ ኮስታ የሚባል ሐኪም ፊላደልፊያ ውስጥ ወታደሮችን ያክም ነበር። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ጥይት ያልነካቸው ወጣቶች ናቸው። አቤቱታቸው ግን ይመሳሰላል፦ ትንሽ ሲሮጡ ልባቸው ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ያዞራቸዋል። ዳ ኮስታ ደረታቸውን ሲያዳምጥ በአብዛኞቹ ላይ ይህ ነው የሚባል የልብ ጉዳት አያገኝም። ያም ሆኖ “ከጦርነት ለማምለጥ ነው” ብሎ አላባረራቸውም። ከሕመሙ በፊት ምን እንዳጋጠማቸው ጠየቀ። ብዙዎቹ በትኩሳት ወይም በተቅማጥ ተይዘው ሳያገግሙ ወደ ረጅም የእግር ጉዞ የተመለሱ ሆነው አገኛቸው። በ1871 ከ300 በላይ ታካሚዎችን መሠረት አድርጎ ባሳተመው ጽሑፍ ሕመሙን “ቁጡ ልብ” የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ሌሎች “የወታደር ልብ” አሉት።

እዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አርተር ማየርስ የተባለ የጦር ሐኪም ጥፋቱን በልብሱ ላይ ጣለ። አንገት የሚያንቅ ኮሌታ፣ ደረት የሚጨብጥ ኮት፣ የሻንጣ ማንገቻ… ልብ በዚህ መሀል እንዴት ይሥራ? ለጊዜው አሳማኝ ነበር። ግን ልብስ ተሻሽሎም ሕመሙ አልጠፋም።

እንዲያውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሰበት። በሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች “ልብ” ተብለው ከግንባር ተመለሱ። እዚህ ጋ ነው ቶማስ ሉዊስ የሚመጣው። ሉዊስ የልብን የኤሌክትሪክ ምት በማጥናት ስመ ጥር የነበረ ሐኪም ሲሆን፣ ለእነዚህ ወታደሮች በተከፈተ ሆስፒታል ውስጥ ቀላል የሚመስል ነገር አደረገ። አልጋ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ስፖርት አሠራቸው። ማን እስከ የት እንደሚችል፣ ልቡ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ሲያርፍ ቶሎ ይመለስ እንደሆነ አየ።

በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይሠራል። እነዚህ ሰዎች የሚሰማቸው ነገር ማንም ጤነኛ ሰው ሽቅብ ሲሮጥ የሚሰማው ነው። ጡንቻ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ሳንባ የተቃጠለውን አየር ለማስወጣት ይጣደፋል። ልዩነቱ ሌላው በሩጫ የሚደርስበትን እነሱ በእርምጃ መድረሳቸው ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ “ልብህ ይመታል ወይ?” ሳይሆን “ምን ያህል ስትሠራ ነው የሚመታው?” የሚለው ነው። ሉዊስ ሕመሙን “የልፋት ሕመም” እንደማለት አድርጎ የሰየመውም ለዚህ ነው። አንድን ወጣት “ልብ አለብህ” ማለት በራሱ እንደሚያሳምም ገብቶታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ በ1941፣ ፖል ዉድ ሌላ ነገር ጨመረ። ምልክቶቹ ከልፋት ይልቅ ፍርሃትን ይመስላሉ አለ። ሰውየው ይደነግጣል፣ ልቡ ይመታል፤ “ልቤ ታመመ” ብሎ የበለጠ ይደነግጣል፤ ከዚያ እንቅስቃሴ ይተዋል። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመምንና ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ ጭንቀትን ራሳቸውን ችለው ሲመዘግብ፣ ብዙዎች የድሮውን “የወታደር ልብ” በውስጣቸው አዩት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ “ነገሩ ጭንቀት ነበር” ብለን በዘጋነው። ግን እኛ አገር ይህ ዓረፍተ ነገር አደገኛ ነው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን የሚያበላሽበት ሩማቲክ የልብ ሕመም ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም ወጣቶችን ይይዛል። ደረጃ ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ “ስትረስ ነው፣ ጸበል ሞክሪ” ተብላ ዓመት ስታሳልፍ ቫልቩ እየጠበበ ሊሆን ይችላል። ደም ማነስም፣ ታይሮይድም፣ አስምም ይህንኑ ምልክት ይዘው ይመጣሉ። ጭንቀትም ቢሆን እውነተኛ ሕመም ነው፤ “ምንም የለብሽም” ማለት አይደለም።

ከእነዚያ ሐኪሞች የወሰድኩት አንድ ነገር ቢኖር መለካትን ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ “ይደክመኛል” ብቻ አትበሉ። “ባለፈው ዓመት አራተኛ ፎቅ ሳላርፍ እወጣ ነበር፤ አሁን ሁለተኛው ላይ እቆማለሁ” በሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይናገራል። ስፖርት ስትሠሩ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ፣ ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በለጋ ዕድሜው ድንገት የሞተ ሰው ካለ ግን መቁጠሩን ተዉትና ቶሎ ታዩ።

እኔ ታይቻለሁ፤ ልቤ ደህና ነው። ወራት ሙሉ ቁጭ ብሎ የከረመ ሰው ልብ ነው፣ በቃ። አሁን ጄሪካኑን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጬ ትንፋሼ እስኪመለስ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ትንሽ እየቀነሰ ነው።