ባቡሩ ዳገቱ አቅቶት የወለዳት ከተማ

የድሬን ልጅ «ከተማህን ማን ቆረቆራት?» ብትሉት ንጉሥም ቅዱስም አይጠራላችሁም። «ባቡር!» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ከባቡሩ ጀርባ ግን ስሙ የተረሳ አንድ ሰው አለ።

አልፍሬድ ኢልግ ይባላል፤ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ዙሪክ ተምሮ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ወደነበሩት ምኒልክ መጣ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ሳበ፣ ኋላም የመንግሥት አማካሪ ሆነ። ሌት ተቀን ያልለቀቀው ሐሳብ ግን የባቡር ሐዲድ ነበር።

ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰጡት፤ ለ99 ዓመት። ዕቅዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ምን ይከብዳል! ገንዘቡስ? ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኖ ፓሪስ ላይ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሐዲድ መነጠፍ ጀመረ። መሬቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ የኢሳዎች የግጦሽ ምድር ነው። ግጭቱም ደም አፈሰሰ።

ከዚያ ተራራው መጣ። ብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ሜዳ ላይ ይፈጥናል፣ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ሐረር ደግሞ ከድሬ ሜዳ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ስለዚህ ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ። ቦታውን «አዲስ ሐረር» አሉት፤ የኛ ድሬዳዋ!

ወዲያው ሌላ ጣጣ ተከተለ። ኩባንያው ኪሱ ሲራቆት የፈረንሳይ መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ እጁን አስገባ። ምኒልክ ተቆጡ፤ ፈቃዱን የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረማ! ሥራው ቆመ፣ ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ድሬ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቀረች።

ለድሬ ግን ይሄ ሲሳይ ነበር። የመጣው ሁሉ እዚያ ይራገፋል፣ የሚሄደው ሁሉ እዚያ ይጫናል። በደቻቱ ወዲህ የኩባንያው ከዚራ በቀጥታ መንገዶቿ፣ ወዲያ መጋላ በገበያዋ አደጉ።

ኢልግ አዲስ አበባ የገባውን ባቡር አላየም። በ1908 ዓ.ም. ዙሪክ ውስጥ አረፈ፤ ሐዲዱ ዋና ከተማዋ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከመሀል ድሬ ውጪ ነው። ባቡር ስለቆመባት የተወለደች ከተማ፣ ባቡሩ በዳር ሲያልፋት በምን ትኑር? ጥያቄው የኢልግ አይደለም፤ የኛ ነው። መልሱ የትም ይሁን የት፣ ፍለጋው ከዚራ ካለው አሮጌ ጣቢያና ወርክሾፕ ቢጀምር ጥሩ ነው። እዚያ ያለውን ብረት እንደ ቁራሌ ዕቃ ካየነው፣ ከተማዋ የልደት ወረቀቷን ሸጠች ማለት ነው።