ፒሲኦኤስ በዩኒቨርሲቲ ወጣት ሴቶች ዘንድ ምን ያህል የተለመደ ነው?

ከደብረ ሲና ተነሥታ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትሄድ ተማሪ የወር አበባዋ ሲዘገይባት በፈተና ጭንቀት፣ በብርዱ ወይም በምግብ ለውጥ ታሳብባለች። አንዳንዴ ግምቷ ልክ ነው። መዛባቱ ከተደጋገመ ግን ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ በአጭሩ ፒሲኦኤስ፣ የተሰኘውን የሆርሞን መዛባት ማሰብ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ችግሩ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ6 እስከ 13 በመቶ በሚሆኑት እንደሚታይ፣ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት በምርመራ እንዳልተለዩ ይገልጻል። በዚህ ስሌት 100 ሴቶች በሚያድሩበት ሕንጻ ከ6 እስከ 13ቱ ችግሩ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም።

ቁጥሩ የሚሰፋውና የሚጠበው በመለያ መስፈርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም የወጣው መስፈርት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱን ይጠይቃል፦ የወር አበባ መዛባት፣ የአንድሮጅን ሆርሞን መብዛት (የፊት ጸጉርና የማይለቅ ብጉር ምልክቶቹ ናቸው) እንዲሁም በአልትራሳውንድ የሚታዩ በርካታ ትንንሽ ከረጢቶች። ከረጢቶቹ ለበሽታው ስያሜ ይሁኑ እንጂ ዕድገታቸውን ያልጨረሱ የእንቁላል ማቀፊያዎች ናቸው። ስሙ ራሱ ያሳስታል።

ለተማሪዎች ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የመጀመሪያው የወር አበባ ከታየ 8 ዓመት እስኪሞላ አልትራሳውንድ ለዚህ ምርመራ እንዳይውል ይመክራል፤ በዚያ ዕድሜ ጤናማ እንቁልጢም ብዙ ከረጢት ያሳያልና። በ14 ዓመቷ የወር አበባ ያየች ልጅ እስከ 22 ዓመቷ፣ ማለትም እስከ ምረቃዋ ገደማ፣ በዚህ ወሰን ውስጥ ናት። ለእርሷ ቀሪዎቹ ሁለቱም ምልክቶች መገኘት አለባቸው። በአልትራሳውንድ ብቻ «አለብሽ» የተባለች ተማሪ እንደገና መጠየቅ ይገባታል።

የወር አበባ ከጀመረ 3 ዓመት ካለፈ በኋላ ከ21 ቀን ቀድሞ የሚመጣ፣ ከ35 ቀን የሚያልፍ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች የሚታይ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ቆጠራውን ያቀላል፤ ጥቅምት 5 ታይቶ ኅዳር 10 ከመጣ 35 ቀን ሆነ ማለት ነው። ሐኪሙም አስቀድሞ እርግዝናን፣ የታይሮይድንና የፕሮላክቲን ሆርሞን ችግርን ያጣራል።

ብዙዎችን ከሐኪም የሚያርቀው «ልጅ አትወልጂም» መባልን መፍራት ነው። ይሁንና ችግሩ ያለባቸው ብዙ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ እንቁላል በሚያስለቅቅ መድኃኒት እየታገዙ፣ ይወልዳሉ። ዝምታው ነው የሚያስከፍለው፦ ለወራት የቀረ የወር አበባ የማሕፀን ግድግዳን ያወፍራል፣ ውሎ አድሮም የማሕፀን ካንሰር ስጋትን ይጨምራል፤ የዓይነት 2 ስኳር በሽታም ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። ፈውስ ባይገኝለትም የወር አበባን በሚያስተካክሉ እንክብሎች፣ እንደ ሁኔታው በሜትፎርሚን፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ይያዛል።