ፊሽካ የተነፋበት ህዳር 12፦ ወረርሽኝ ሲቀል ለነዋሪው ምን ይነገረው?

ህዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. ዕለቱ ሐሙስ ነው። በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ልክ እኩለ ቀን ላይ ፊሽካ ተነፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍና አፍንጫውን በፋሻ ጨርቅ ሸፍኖ የከረመው ሕዝብ ጭንብሉን ከፊቱ እየገፈፈ ወረወረው። የእግረኛው መንገድ በተጣለ ጨርቅ ተሸፈነ። የከተማው አስተዳደር በይፋ «በቃ፣ አልፏል» ብሎ ነበርና ነዋሪው እንደ ነጻነት ቀን አከበረው።

በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ላይ ፊሽካ የሚነፋ አልነበረም። የህዳር ሚካኤል በዓል ነው፤ ከተማዋ ግን ሐዘን ላይ ናት። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው፣ በእኛ አገር «የህዳር በሽታ» ተብሎ የቀረው ወረርሽኝ ቤት ለቤት እየገባ ሰው ጨርሷል። የወቅቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ነበር። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 ሰው በላይ እንደሞተ መዝግበዋል።

ሁለቱ ከተሞች በሀብትም በሐኪም ብዛትም አይወዳደሩም። አንዷ ጋዜጣ፣ ምክር ቤት፣ የጤና መሥሪያ ቤት ያላት የወደብ ከተማ ናት፤ ሌላዋ የተቆረቆረችበት ዘመን ገና ሠላሳ ዓመት ያለፈው አዲስ ከተማ። በሽታው ሲቀል ግን ለሁለቱም የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው። ነገ ጠዋት ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ከሁሉ በፊት የአካባቢ አስተዳደር ነው። ታሪኩ ሲታይ ደግሞ ገደብ ከማወጅ ይልቅ ገደብ አንስቶ ነዋሪን በትክክል መምከር ይከብዳል።

ሳን ፍራንሲስኮ አጀማመሯ መጥፎ አልነበረም። የከተማዋ የጤና ኃላፊ ዶክተር ዊልያም ሃስለር ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በኦክቶበር 1918 አጋማሽ በሽታው ሲስፋፋ ትምህርት ቤቶች፣ ቲያትር ቤቶችና የጭፈራ አዳራሾች እንዲዘጉ ተደረገ። ወሩ ሳያልቅ የከተማው ምክር ቤት የጭንብል ግዴታ ደነገገ። ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ጭንብል ሳያደርግ በአደባባይ የተገኘ ሰው የገንዘብ ቅጣት ወይም እስር ይጠብቀዋል። የቀይ መስቀል ሴቶች ጭንብል እየሰፉ አከፋፈሉ። ከንቲባው፣ የጤና መሥሪያ ቤቱና ቀይ መስቀል በጋራ በጋዜጣ ባወጡት ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ጭንብል በሽታውን ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ እንደሚከላከል አስነገሩ።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ጭንብል ጥቂት ድርብ ስስ ፋሻ ነበር። ብዙ ሰው አፍንጫውን ገልጦ አገጩ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሲጋራ ለማጨስ የሚቀድደውም ነበር። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ የሚባል ነገር ማንም አላረጋገጠም። ጭንብሉ ምንም አልጠቀመም ማለት አይደለም። ነገር ግን አስተዳደሩ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ተናገረ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የበሽተኛው ቁጥር መውረድ ሲጀምር ደግሞ ሁሉም ምስጋናውን ለጭንብሉ ሰጠ። የሰው እንቅስቃሴ መገደቡ፣ አዳራሾች መዘጋታቸው፣ የበሽታውም የራሱ አካሄድ ተረሳ።

ሁለተኛው ስንጥቅ ከላይ መጣ። ግዴታው ገና በሥራ ላይ ሳለ ከንቲባው ጄምስ ሮልፍ የቦክስ ግጥሚያ ሲመለከት ጭንብል ሳያደርግ ፎቶ ተነሳ። የጤና ኃላፊው ሃስለርም እዚያው ነበር። ከንቲባው 50 ዶላር፣ ሃስለር 5 ዶላር ተቀጡ። መቀጣታቸው መልካም ነው። ሕዝቡ ግን ከቅጣቱ ይልቅ ፎቶውን ነው የያዘው። ትእዛዝ የሰጠው ሰው ራሱ ካላመነበት ተራው ነዋሪ ለምን ይመን?

ከዚያ ኖቬምበር 11 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቃት ተበሰረ። ሳን ፍራንሲስኮ ጭንብሏን እንዳደረገች አደባባይ ወጥታ ጨፈረች። ኖቬምበር 16 ቲያትር ቤቶች ተከፈቱ። ከአምስት ቀን በኋላ ፊሽካው ተነፋ። ጦርነቱም በሽታውም በአንድ ወር ያለቁ መሰለ።

ፊሽካው ምን እንዳለ ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ቀንሷል፤ ግን ተጠንቀቁ» አላለም። «ይህንን ተዉ፣ ያንን ግን ያዙ» አላለም። ፊሽካ እንዲህ ያለውን ዝርዝር መናገር አይችልም። የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጀመረ ወይም አለቀ ማለት። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገር ነበር። በከተማዋ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል። ወረርሽኙ እስኪያልቅ ድረስ ታመመ ተብሎ የተመዘገበው ወደ 45,000 ነው። ያልተመዘገበው ብዙ ቢሆን እንኳ በኖቬምበር መጨረሻ ገና ያልተነካ ብዙ ሕዝብ ቀርቶ ነበር። ለበሽታው ይህ ሕዝብ ያልታጨደ ማሳ ነው።

ዲሴምበር ሲገባ ሕመምተኛው እንደገና በዛ። አስተዳደሩ ደነገጠና ሰዎች በፈቃዳቸው ጭንብል እንዲያደርጉ ጠየቀ። አብዛኛው ሰው ጆሮ አልሰጠም። ለምን ይስጥ? ከሁለት ሳምንት በፊት «አልቋል» ያለው ያው አስተዳደር ነው። ሃስለር ግዴታው እንዲመለስ ምክር ቤቱን ቢጠይቅም የገና ገበያ ደርሷል፤ ነጋዴው ጭንብል ያደረገ ደንበኛ ገበያ አይወጣም ብሎ ተቃወመ። ዲሴምበር 19 ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ፤ ጥያቄው በ9 ለ7 ወደቀ።

በዓሉ አለፈ፣ ጃንዋሪ ገባ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1919 በአንድ ቀን ከ600 በላይ አዲስ ሕመምተኛ ሲመዘገብ ያው ምክር ቤት በከፍተኛ ድምፅ ጭንብሉን መለሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የፈሰሰው ግን እህል አልነበረም። አሁን ተቃውሞው ተደራጅቶ ጠበቀ፤ «የፀረ ጭንብል ማኅበር» ተቋቁሞ በአዳራሽ ሺዎችን ሰበሰበ። ፌብሩዋሪ 1 ግዴታው ለሁለተኛ ጊዜ ተነሳ። ወረርሽኙ ተጠቃሎ ሲታይ ሳን ፍራንሲስኮ ከ3,000 በላይ ሰው ቀብራለች።

«የትኛውም ከተማ ያው ነበር የሚሆነው» የሚል ይኖራል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ግን ሌላ አካሄድ የያዘች ከተማ ነበረች። በሴንት ሉዊስ የጤና ኮሚሽነሩ ዶክተር ማክስ ስታርክሎፍ ኦክቶበር 7 ትምህርት ቤቶችንና መሰብሰቢያዎችን ዘጋ። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ገደቡን አላላ። የሕመምተኛው ቁጥር ሲያሻቅብ በዚያው ወር መጨረሻ መልሶ አጠበቀ። ነጋዴው ጮኸበት፤ እሱ ግን ቁጥሩ እስኪወርድ አልለቀቀም። ሴንት ሉዊስ በመጨረሻ ከአገሪቱ ትላልቅ ከተሞች መካከል የሟች መጠናቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ተርታ ተመደበች። በ2007 ሃዋርድ ማርከልና ባልደረቦቹ የ43 የአሜሪካ ከተሞችን መዝገብ መርምረው ያወጡት ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። የመጀመሪያው ገደብ በሥራ ላይ እያለ ሁለተኛ ማዕበል የመታት አንዲትም ከተማ አላገኙም። ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ገደቡ ከተነሳ በኋላ ነበር።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ገደብ ፈጽሞ አይነሳ» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ስህተት ነው። ሰው ሠርቶ መብላት አለበት። ልጅ መማር፣ ሟች በወጉ መቀበር፣ ሙሽራ መዳር አለበት። ገደብ የግድ ይነሳል። ልዩነቱ አነሳሱ ላይ ነው። ሴንት ሉዊስ ገደቡን ስታላላ የመመለሻውን በር አልቆለፈችም። ሳን ፍራንሲስኮ ግን በፊሽካ ቆለፈችው፤ ልክፈት ስትል ቁልፉ ጠፋ። ቁልፉ እምነት ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በዚያ ዘመን በከተማዋ ያሉት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በየቀኑ የሚወጣ የሕመምተኛ ቁጥር የለም። በሕዝቡ ዘንድ የቀረ አንድ ነገር ግን አለ። በየዓመቱ ህዳር 12 ነዋሪው ግቢውንና ደጁን ይጠርጋል፣ ቆሻሻውን በየሠፈሩ ሰብስቦ ያቃጥላል። «ህዳር ሲታጠን» ይባላል። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ትውፊት የተጀመረው ያንን በሽታ ከከተማው ለማስወጣት ነው።

በሳይንስ ዓይን ከታየ ጉንፋን ከቆሻሻ ክምር አይነሳም፤ በጭስም አይባረርም። ዛሬ ደግሞ በክምሩ ውስጥ ፕላስቲክ ስላለ ጭሱ ራሱ ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ማቃጠሉ ቀርቶ ማጽዳቱ ይቀጥል የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው። ነገር ግን የልማዱ አሠራር ሳን ፍራንሲስኮ ያጣችው ነገር አለው። በሽታው አልፏል ብሎ ሰውን ወደ ቤቱ አያሰናብትም። አልፏል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ይህን ቀን እያስታወስክ ደጅህን አጽዳ ይላል። ሥራውም ለእያንዳንዱ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ሠፈር የተከፋፈለ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል። ቅጣት ሳይኖርበት ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። የሳን ፍራንሲስኮ ደንብ ግን ቅጣት እያለበት እንኳ ሦስት ወር አልሞላም።

ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአዲስ አበባ ተገኘ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚኒባሱ በግማሽ ጫነ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ በየሱቁ ደጅ ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ፤ ለቀብር የሚወጣው ሰው ተቆጠረ። አዋጁ አምስት ወር ቆይቶ በአዲሱ ዓመት መባቻ አበቃ። ለጥንቃቄው የሚያገለግል መመሪያ ቁጥር 30 ወጣ። ማስክ አሁንም ግዴታ ነበር፤ ርቀትም ግዴታ ነበር። በወረቀት ላይ ያለው ቋንቋ ከፊሽካው እጅግ የተሻለ ነው፤ ገደቡ ላልቷል፣ ጥንቃቄው ግን ይቀጥላል የሚል ነውና።

መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ተሰማ። አዋጁ መነሳቱን ሁሉም ሰማ፤ መመሪያው መኖሩን ጥቂቱ ሰማ። ጀሪካኑ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፣ ከዚያም ተነሳ። ማስኩ ባንክ በር ላይ የሚታይ መግቢያ ካርድ ሆነ፤ ዘበኛው ሲያልፍ ወደ አገጭ ይወርዳል። በስብሰባና በሰልፍ ላይ ትልልቁ ሰው ያለ ማስክ ሲታይ ደግሞ የቦክስ ግጥሚያው ፎቶ በሌላ ዘመን ተደገመ። በመጋቢት 2013 በቀን ከ2,000 በላይ አዲስ ሕመምተኛ ሲመዘገብና ቤተሰብ ኦክስጅን ፍለጋ ሲንከራተት ያ መመሪያ እንደጸና ነበር። ያልጸናው በሰው ልብ ውስጥ ነው።

ወረዳም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ገደብ ሲያነሳ ለነዋሪው ሊነግረው የሚገባው ብዙ አይደለም። የትኛው ነገር እንደተፈቀደ፣ የትኛው እንዳልተፈቀደና ለምን። ቤት ውስጥ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ያለበት ሰው ምን ያድርግ። ሠራተኛ ሲያመው ከደመወዙ ሳይቆረጥ ቤቱ መዋል ይችል እንደሆነ። ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ገደቡ እንደሚመለስ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰው አስቀድሞ ከተነገረው ሲመለስ አይናደድም። ሳይነገረው ሲመለስበት ግን ተታለልኩ ይላል፤ ተታለልኩ ያለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አይሰማም።

ይህንንም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ መሄድ አይበቃም። በአዲስ አበባ ሰው ከቀበሌ ማስታወቂያ ይልቅ የዕድሩን ዳኛ፣ የሠፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የሃይማኖት አባቱን ይሰማል። ህዳር ሲታጠን መቶ ዓመት የዘለቀው በእነዚህ እጅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም የሚሠራው ቅጠሉን የሚይዝ እጅ በየደጁ ሲኖር ነው።

ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሲመጣ ግን መዝጊያው አዋጅ በፍጥነት እንደሚጻፍ አያጠራጥርም፤ መንግሥታት መዝጋት ያውቁበታል። መክፈቻው ላይ ምን እንደሚባል ዛሬ፣ ሰው ባልታመመበት ጊዜ፣ የሚያስብ ወረዳ ካለ ግን ብዙ ነፍስ ያተርፋል።