በሰው ሜዳ የነገሠው ቡድን

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። ዘመኑ 2013፣ ቦታው መካነ ኢየሱስ፣ ዲኤስቲቪ ያስገባ አንድ ሻይ ቤት። ፋሲል ከነማ ይጫወታል፤ እኛም ወንበር ተሻምተን እናያለን። ጋቢያቸውን ደርበው ከጥግ የተቀመጡ አንድ አባት ጥቂት ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «የኔ ልጅ፣ እነዚህ የጎንደር ልጆች ሁልጊዜ ሰው አገር ናቸው፤ ቤታቸው የሚገቡት መቼ ነው?» አሉኝ። ዘንድሮ በኮሮና ምክንያት ክለቡ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስቦ እንደሚጫወት፣ ያ ሲያበቃ ደግሞ ወደ ሌላው ከተማ እንደሚሄድ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉና፣ «እንግዲያው ጎንደር ሳትቆረቆር የነበሩትን ነገሥታት ሆነዋላ!» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ንግግራቸው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

እውነታቸውን ነበር። ከአፄ ፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት ድንኳናቸውን ነቅለው ከአገር አገር የሚዞሩ ነበሩ። ክረምቱን አንድ ቦታ ይከርማሉ፤ በጋ ሲሆን ዘመቻም ግብርም ወደሚጠራቸው ይነሣሉ። የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ እንኳ በጎርጎራና በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አሠርተው አንዱም ጸንቶ መናገሻ አልሆነላቸውም። አፄ ፋሲል በ1628 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የዚህ ሁሉ ዙረት ማብቂያ ሆነ። ታዲያ በእሳቸው ስም የተጠራው፣ ደጋፊውም «አፄዎቹ» የሚለው ቡድን የመጀመሪያ ዘውዱን የደፋው እንደ ጥንቱ እየዞረ መሆኑ አይገርምም?

የእግር ኳሳችን ታሪክ ራሱ ከአንድ ከተማ የተነሣ ነው። በ1936 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የተወዳደሩት አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩ የኢትዮጵያውያን፣ የግሪኮች፣ የአርመኖች፣ የጣሊያኖችና የእንግሊዞች ቡድኖች ነበሩ። ዋንጫውም ለእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሆነ። ከዚያ በኋላ የድሬዳዋው ኮተንና የአስመራ ቡድኖች ዋንጫውን ከመዲናዋ እያወጡ ወሰዱት። አንድ ክፍለ ሀገር ዋንጫ በወሰደ ቁጥር የአገሩ ሰው «እኛም አለን» ይላል። የእግር ኳስ ደስታው ይኸው ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል።

አደጋውን ያየነው በቅርቡ ነው። ፋሲል ከነማ በ2009 ፕሪሚየር ሊግ በገባ በዓመቱ፣ ኅዳር 2010፣ ወልድያ ከተማ ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊጫወት ሲል በከተማው ግጭት ተነሣ። ጨዋታው ቀረ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ማን እንደሚያሸንፍ ሳይሆን ጨዋታው ይካሄድ እንደሆነ ነበር። በ2011 ፋሲልና መቀሌ 70 እንደርታ ለዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን ተናነቁ፤ መቀሌ ወሰደው። ፋሲል በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ዋንጫ ቢያገኝም የሊጉ ቁጭት አልወጣለትም። በ2012 ደግሞ ውድድሩ በወረርሽኙ ሳቢያ ሳያልቅ ተሠረዘ።

ታኅሣሥ 2013 ሊጉ ሲጀመር ብዙ ነገር አዲስ ነበር። የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ሆኗል፤ ጨዋታው በዲኤስቲቪ በቀጥታ ይታያል። ክለቦቹ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ፣ በመጨረሻ ወደ ሐዋሳ ይዞራሉ። ተጫዋቹ ለወራት የሆቴል ሰው ሆነ። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል ግን ዙረቱ አልበገረውም። አምበሉ ያሬድ ባየህ ከኋላ፣ ሱራፌል ዳኛቸው ከመሐል፣ ሙጂብ ቃሲም ከፊት ሆነው ውድድሩ ሳያልቅ ዋንጫውን አረጋገጡ። የግቡ ንጉሥ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር፤ በ29 ግቦች የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዘውዱ ግን የጎንደር ሆነ፤ የጎንደር ሜዳ አንዲት የሊግ ጨዋታ ሳያስተናግድ።

በደስታው መሐል ያልቆጠርነው ነገር ነበር። በዚያ ዓመት ሊጉ ውስጥ የነበሩት 13 ክለቦች ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ጎደሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንዱ ክለብ ያርፋል። ለምን ጎደለ? ጥቅምት 24 ቀን 2013 በተጀመረው ጦርነት ምክንያት መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ስላልመጡ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ «ዛሬ የሚያርፈው ማነው?» እየተባባልን የደረጃ ሠንጠረዡን እናሰላ ነበር፤ የቀሩት የት እንዳሉ የጠየቀ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ያለፈው ተቀናቃኝ በሌለበት የተገኘ ዋንጫ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ልጆቹ ከመጣው ሁሉ ጋር ተጫውተው አሸንፈዋል። የሚያሳፍረኝ የእኛ ዝምታ ነው።

ጦርነቱ ግን እኛን አልረሳም። ዋንጫው ከተነሣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ ነሐሴ 2013፣ ጋይንት ደረሰ። ነፋስ መውጫ ተያዘች፤ በሴቶቿ ላይ የተፈጸመው ግፍ ኋላ ለዓለም ተሰማ። ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ሽማግሌው የተቀመጡበት ጥግ ስለ ኳስ የሚወራበት መሆኑ ቀርቶ ከጋይንት በኩል የመጣ ሰው የሚጠየቅበት ሆነ። መስከረም 2014 ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላል የገጠመው ባሕር ዳር ነው፤ 2 ለ 2 ተለያዩ። በመልሱ 1 ለ 1 ቢወጣም ከሜዳ ውጭ በገባ ግብ ብልጫ ወደቀ። ዓመቱን ሙሉ በሰው ሜዳ ያሸነፈ ቡድን የወደቀው በዚሁ ሒሳብ ነው።

ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ሦስቱ የትግራይ ክለቦችም በ2017 ወደ ሊጉ ተመለሱ። በመሐሉ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የእኛው ክልል በሌላ ግጭት ተያዘ። ስለዚህ የሽማግሌው ጥያቄ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ቤታቸው የሚገቡት መቼ ነው?» ያን ጊዜ የጠየቁት ስለ አሥራ አንድ ልጆች መስሎኝ ነበር። አፄ ፋሲል ድንኳን ነቅሎ መዞር እንዲበቃ ከተማ ቆረቆሩ። እኛ ደግሞ እንግዳው ቡድን ሳይፈራ የሚገባበት፣ ባለቤቱም ሳይሰጋ የሚቀበልበት ሜዳ ያስፈልገናል። ያኔ ሽማግሌውን ባገኛቸው «አባቴ፣ ገብተዋል» ብዬ መልስ እሰጣቸው ነበር።