ከክፋት የተመለሰው አባት በካርቱን ፊልም ታሪክ

በካርቱን ፊልም ዘንድ ለክፉ ሰው ለብዙ ዘመን የተሰጠው ሥራ ደጉን ማሳደድና በመጨረሻ መጥፋት ነበር። ዋልት ዲስኒ በ1937 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳየው የስኖው ኋይት ታሪክ ቅናተኛይቱ ንግሥት ከገደል ወድቃ ትሞታለች፤ ተመልካቹም ፍርዱ ትክክል ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ግሪንች የተባለው የገና በዓል ሌባ ግን ልቡ ተለውጦ የሰረቀውን መለሰ። ሆኖም ታሪኩ ሌባው በተመለሰበት ቀን ስለሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ በምን ሥራ እንደሚተዳደር አይነግረንም።

ይህን ጥያቄ በሰፊው ያነሣው በ2013 የወጣው «ዴስፒከብል ሚ 2» ነው፤ የፊልሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነውረኛው እኔ» እንደ ማለት ነው። ያወጣው ክሪስ መለዳንድሪ በ2007 ያቋቋመው ኢሉሚኔሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን፣ ሥዕሉ የተሠራው ግን በፓሪስ ነው። ፓሪስም ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለችም፤ ኤሚል ሬይኖ በእጁ የሣላቸውን ሥዕሎች በብርሃን እያንቀሳቀሰ በ1892 ለሕዝብ ያሳየው በዚያችው ከተማ በግሬቫን ሙዚየም ነበር። ከሁለቱ አዘጋጆች አንዱ ፒዬር ኮፋን የፈረንሳዊ ዲፕሎማትና የኢንዶኔዥያዊት ደራሲ ልጅ ነው፤ ሚንየን ለተባሉት ብጫ አሽከሮች ድምፁን ሲሰጥ የእናቱን አገር ቃላት የደባለቀው ስለዚህ ነው።

በ2010 የወጣው ፊተኛው ክፍል ግሩ የተባለ ራሰ በራ ሸፍጠኛ ጨረቃን ለመስረቅ ሲያሤር፣ ለተንኰሉ መሣሪያ ይሆኑኛል ብሎ ማርጎ፣ ኢዲትና አግነስ የተባሉትን ሦስት ወላጅ አልባ ልጆች ከማሳደጊያ እንደ ወሰደ፣ በኋላም ከጨረቃ ይልቅ እነርሱን እንደ መረጠ ይተርካል። ሕፃን ሳለ ወደ ጨረቃ መሄድ እንደሚመኝ ለእናቱ ቢነግራት በምኞቱ አፌዘችበት እንጂ አላበረታታችውም፤ ስለዚህ አባትነትን የሚማርበት ምሳሌ በቤቱ አልነበረውም።

በሁለተኛው ክፍል መግቢያ አካባቢ የአግነስ ልደት ይከበራል። በዓሉን እንድታደምቅ የተቀጠረችው የተረት ልዕልት ስትቀር፣ ግሩ ራሱ ሮዝ ቀሚስና ክንፍ ለብሶ ይመጣል። ልጂቱ አባቷ መሆኑን ታውቃለች፤ የሌሎቹ ልጆች ደስታ እንዳይበላሽ ግን እንዳላወቀች ትሆናለች። በእኔ አስተያየት ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ ጨረቃን ሊሰርቅ የተነሣው ሰው በአንዲት ሕፃን ይሉኝታ ተሸፍኖ ይቆማልና።

ይሁን እንጂ በስርቆት የኖረ ሰው በሐቅ ሥራ ልጆች ማሳደጉ ቀላል አይሆንለትም። ማርማላታ አምርቶ ለመሸጥ ቢነሣ ጣዕሙ አይረባም፤ የብዙ ዘመን ረዳቱ ዶክተር ኔፋሪዮም ክፋት ናፈቀኝ ብሎ ይለየዋል። ክፉዎችን የሚያሳድድ አንድ ምሥጢራዊ ድርጅት በሰላይነት ሲጠራው መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ረዳቱ ከተለየው በኋላ ይቀበላል። የተፈለገውም ስለ ደግነቱ ሳይሆን የክፉዎችን አሳብ ስለሚያውቅ ነው። በዚህም ቢሆን እምነት አይጣልበትም፤ እውነተኛውን ወንጀለኛ ኤል ማቾን ሲጠቁም ድርጅቱ ሌላ ሰው አስሮ ጉዳዩን ይዘጋል። በቤቱ ደግሞ አግነስ እናት ሳይኖራት ለእናቶች ቀን ግጥም ታጠናለች፤ ይህ ጉድለት የሚሞላው ግሩ የሥራ ባልደረባውን ሉሲን ሲያገባ ነው።

የኤል ማቾ ሤራ ግን ከአባትየው ታሪክ ጋር ሲመዛዘን ቀላል ነው፤ የሚንየኖቹም ጫጫታ ከመጠን ያልፋል። ለኤል ማቾ ድምፁን ሰጥቶ የነበረው አል ፓቺኖ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ስለተወው፣ ቤንጃሚን ብራት አስቀድሞ በተሣለ አፍ ላይ ቃሉን ማስማማት ግድ ሆነበት። ለሥራው 76 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ በዓለም ሲኒማ ቤቶች ወደ 970 ሚሊዮን ዶላር ገብቷል። ለኦስካር ሽልማት በሁለት ረገድ ቢታጭም አላገኘም።

ገንዘቡን ያመጡት ሚንየኖቹ መሆናቸው ስለታመነ በ2015 የራሳቸው ፊልም ተሠራላቸው። የግሩም ታሪክ ቀጥሎ፣ በ2024 በወጣው አራተኛ ክፍል ከሉሲ የወለደው ሕፃን አባቱን ሲያይ ፊቱን የሚያኮሳትር፣ መከራውንም የሚያሳየው ሆኖ ይታያል።