በአንድ ስም የተሸፈኑ ሕመሞች፦ የአከርካሪ አጥንት የፈንገስ ኢንፌክሽን ታሪክ ከማጂ ሲታይ



ዛሬ የማቀርበው ታሪክ የአንድ ጠባብ የሕክምና ችግር ታሪክ ነው፤ ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ አጥንትን ስለሚያጠቃ ፈንገስ። ርእሱን የመረጥሁት በሽታው ብዙ ሰው ስለሚይዝ አይደለም፤ ስያሜ ሕክምናን ምን ያህል እንደሚመራ ስለሚያሳይ ነው።

በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለቲቢም ለካንሰርም ሲያገለግል ኖሯል። መመርመሪያ ባልነበረበት ዘመን ውስጥ ለውስጥ እየበላ የሚያከሳን ሕመም ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ተገቢ ነበር። አውሮፓውያንም ከዚህ የራቁ አልነበሩም። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ጀርባን የሚያጎብጠውንና እግርን የሚያሰንፈውን የአከርካሪ በሽታ ሲገልጽ መንስኤውን አያውቅም፤ ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ያስታወቀው ከ103 ዓመት በኋላ ነው። አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ግን ከፖት 50 ዓመት ቀድሞ፣ በ1729፣ ስም ወጥቶለታል። ጣሊያናዊው ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ ሚኬሊ በማጉያ መነጽር ሲያየው የጠበል መርጫ ስለመሰለው በዚያው ሰየመው። ስሙ ነበረ፤ በአጥንት ውስጥ የሚፈልገው ግን አልነበረም።

መድኃኒቱም ዘግይቶ መጣ። አምፎቴሪሲን ቢ በ1950ዎቹ ከቬኔዝዌላ አፈር ከተወሰደ ረቂቅ ተሕዋስ ተገኘ፤ ኃይለኛ ቢሆንም ኩላሊትን ይጎዳል። በአፍ የሚወሰደው ፍሉኮናዞል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1990 ነው። በአገራችን ሁለቱ የታወቁት ግን በአከርካሪ ሕመም አይደለም፤ ፍሉኮናዞል ኤችአይቪን ተከትሎ በሚመጣ የፈንገስ ማጅራት ገትር፣ አምፎቴሪሲንም ከማጂ ደጋ በታች በተዘረጋው የኦሞ ቆላ በሚታወቀው በካላዛር ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ጀመረ። ቀድሞ ወደ ውጭ ካልተላከ ተስፋ ያልነበረው ታማሚ በአገሩ የሚታከምበት በር ሰፋ። በአከርካሪ ላይ የሚታሰር ብሎንና ዘንግ ግን የራሱን አደጋ ይዞ ይመጣል፤ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በብረት ላይ ተጣብቆ መድኃኒት የማይዘልቀው ስስ ሽፋን ይሠራል።

ሕመሙ ዝግተኛ ነው። ቁስሉ ከዳነ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የጀርባ ሕመም ይመለሳል፤ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ታማሚው ያን ጊዜ በማጂ ወይም በቴፒ፣ በቡና ማሳው ላይ ነው። በአገራችን ለእንዲህ ያለው ሕመም ቀድሞ የሚመጣው ስም ቲቢ ነው፤ ቲቢ በእርግጥ የተለመደ ነውና ግምቱ መሠረት አለው። ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒት ሲጀመር ግን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። አንደኛ፣ ለውጥ ሲጠበቅ ወራት ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ ሪፋምፒሲን የፍሉኮናዞልን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል፤ አስፐርጊለስን የሚያክመውን ቮሪኮናዞልን ደግሞ እጅግ ስለሚያዳክመው ሁለቱ አብረው አይሰጡም። የተሳሳተው ስም እውነተኛውን መድኃኒትም ያከሽፋል።

ስለዚህ ከአጥንቱ የተወሰደ ናሙና ለቲቢ፣ ለባክቴሪያና ለፈንገስ ተከፍሎ መመርመር አለበት። ፈንገስ ከተገኘ የሞተው አጥንት በቀዶ ሕክምና ይጠረጋል፤ ለካንዲዳ መድኃኒቱ ከ6 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። አንድ ዓመት ከማጂ ወደ ሚዛን አማን፣ ከዚያም ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የታሪክ ሰው መድኃኒት አያዝም፤ ስለ መዝገብ ግን መናገር ይችላል። ታማሚው ይዞት በሚመለሰው ወረቀት ላይ ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደተደረገ፣ ብረት እንደገባ፣ የትኛው ናሙና እንደተመረመረና የትኛው እንደቀረ ይጻፍ። በጤና ጣቢያ የሚቀበለው ባለሙያ ከልማዳዊው ስም ባሻገር እንዲጠይቅ የሚያስችለው ያ ወረቀት ነው።