በጎንደር የነበረው የኢጣልያ ቆንስላ



ቆንሲል ማለት የመንግሥቱን ዜጎች መብትና ንግድ እንዲጠብቅ ወደ ሌላ አገር የሚላክ ሹም ነው። የውጭ አገር ሰው እጅግ ጥቂት በሆነበት ከተማ ቆንስላ ሲከፈት ግን፥ ሥራው ምን ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ ጥያቄ የጎንደር ታሪክ መልስ አለው።

ጎንደር ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ የነገሥታት መናገሻ የነበረች፥ ለኤርትራም የቀረበች ከተማ ናት። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በ1899 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ሲዋዋሉ፥ ኢጣልያ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የጥቅም ክልል ለራሷ አስጽፋ ነበር። ስለዚህ በጎንደር፥ በዐድዋ፥ በደሴና በደብረ ማርቆስ የነበሩት ቆንስላዎቿ ከንግዱ ይልቅ ወሬ መሰብሰቡንና በመንግሥቱ ላይ ቅር የተሰኘውን መኳንንት ማባበሉን ያዙ። ጦርነቱን የጀመረው ጄኔራል ደ ቦኖ፥ መሳፍንቱን ከንጉሠ ነገሥታቸው ለመለየት አስቀድሞ መሠራቱን በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ አልሸሸገም።

ጥቅምት 25 ቀን 1927 ዓ.ም. በጎንደሩ ቆንስላ ላይ አደጋ ተጣለ፤ ከዘበኞቹ አስካሪዎች አንዱ ሞተ፥ ሌሎችም ቈሰሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ነገሩ የጦር ምክንያት እንዳይሆን በማሰብ ይቅርታ ለመጠየቅና ካሣ ለመክፈል ተስማማ። የውጭ መንግሥት ቆንስላን መጠበቅ የባለአገሩ መንግሥት ግዴታ በመሆኑ፥ ይህ የሕግ አክባሪ ሥራ ነበር።

ነገር ግን አንድ ወር እንኳ በወጉ ሳይቈይ፥ ኅዳር 26 ቀን የወልወል ግጭት ሆነ። አሁንም ኢጣልያ ይቅርታ፥ ለሰንደቅ ዓላማዋ ሰላምታና 200,000 ብር ካሣ ጠየቀች። ወልወል ግን ከኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ነበረና፥ መንግሥታችን በ1920 ዓ.ም. በተፈረመው የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በሽማግሌ ዳኝነት እንዲታይ ጠየቀ፤ ኋላም ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አለ። በጎንደር ካሣ መቀበል ለኢጣልያ የነገር ማብቂያ ሳይሆን የሌላ ጥያቄ መጀመሪያ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ታወቀ።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ጦር ከኦም ሐጀር ተነሥቶ ጎንደር ገባ። ቆንስላው ያላወቀው ግን አንድ ነገር ነበር። ጥቂት መኳንንትን በገንዘብ ማባበል ቢቻልም፥ ሳንጃ የምትገኝበት የአርማጭሆ ቈላ እነ አሞራው ውብነህን የመሰሉ አርበኞች አገር ሆነ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠውም በዚያችው በጎንደር ነው።